ቆላ ሲወረድ የጎማ ንፋስ

(ቃሊቲ፣ አመሻሽ ላይ፤ ከአስፋልቱ ዳር ባለ ጎሚስታ ቤት።)

ባለመኪናዋ፦ ጋሼ፣ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ ሰመራ ልወጣ ነው። አራቱንም ጎማ ወደ 26 ዝቅ ያድርጉልኝ።

ጎሚስታው፦ ለምን ዝቅ ይላል ልጄ?

ባለመኪናዋ፦ አገሩ ሙቀት ነዋ! በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮች ናቸው የነገሩኝ። ጎማ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል፣ ከልክ ሲያልፍ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ቆላ ሲወረድ ቀንሶ መውጣት ነው አሉኝ።

ጎሚስታው፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። እኔ ግን ሰው አሳፍሮ ቆላ ለሚወርድ መኪና ንፋስ አልቀንስም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ አስቀድሞ ግን ያለው ይለካ። አሁን ከየት ነው የመጣሽው?

ባለመኪናዋ፦ ከመገናኛ፣ በቀለበት መንገድ።

ጎሚስታው፦ እንግዲያው ጎማው ሞቋል፤ አሁን የማነበው ቁጥር ከእውነተኛው ሁለት ሦስት ከፍ ያለ ነው። ፊት ቀኝ 34። ፊት ግራ 34። ኋላ ግራ 33። ኋላ ቀኝ 27። ይቺኛዋ ቀዝቅዛ ብትለካ 24 ወይም 25 ናት። ከውጭ ስታያት ከሌሎቹ ትለያለች?

ባለመኪናዋ፦ ምንም አትለይ። ትናንት አንድ በአንድ ዞሬ አይቻቸዋለሁ፣ በእግሬም መታ መታ አድርጌያቸዋለሁ።

ጎሚስታው፦ የሚመታ የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ እሱም በብረት። ጨርሶ የተኛውን በድምፁ ለመለየት ካልሆነ ሌላ ነገር አይነግርሽም። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ የሽቦ ጎማ ነው፣ ራዲያል የሚባለው። ጎኑ ስስ ስለሆነ በልኩ ተነፍቶም መሬት የሚነካበት ላይ ሆዱ ገፋ ይላል። ሩቡ ንፋስ ሲጎድልበትም ያው ገፋ ይላል። ሁለቱን በዓይን ለይ ብትዪኝ እኔም አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስፈታ ኖሬ አልችልም። መለኪያ ነው የሚለየው።

ባለመኪናዋ፦ ልኩ ራሱ ስንት ነው ታዲያ? አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብበው 44 ሊሞሉልኝ ነበር።

ጎሚስታው፦ ጎኑ ላይ የተጻፈው ጣሪያው ነው። ከዚህ በላይ አትሙላ ማለት ነው እንጂ ይህን ያህል ሙላ ማለት አይደለም። ይሄው ጎማ ለአንቺም መኪና ይገጠማል፣ ከአንቺ መኪና ሁለት መቶ ኪሎ ለምትበልጥም ይገጠማል፤ ጎማ ሠሪው በየትኛዋ ላይ እንደሚውል አያውቅም። 44 ሞልተሽ ኮብልስቶን ላይ ስትሄጂ መኪናዋ ትነጥራለች፣ የጎማው መሐል ብቻ ነው መሬት የሚነካው፣ እሱም ቶሎ ይበላል፣ ፍሬን ስትይዢም እንደሚገባ አይቆነጥጥም። ስንት እንደሚሞላ የሚያውቀው መኪናዋን የሠራው ነው፤ እሱ ደግሞ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ለጥፎታል። ክፈቺው እስቲ።

ባለመኪናዋ፦ እዚህ ምንም የለም።

ጎሚስታው፦ በቀኝ በኩል እዪ። ከጃፓን መጥታ መሪዋ የዞረ መኪና ከሆነች የሾፌሩ በር የነበረው በቀኝ ነው።

ባለመኪናዋ፦ አለ! ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ከፊትም ከኋላም 220 ይላል።

ጎሚስታው፦ ኪሎ ፓስካል ነው። ለ6.9 ስታካፍዪው እኛ በፒኤስአይ የምንለው ይወጣል።

ባለመኪናዋ፦ 32።

ጎሚስታው፦ 32። ሌላ መኪና ላይ 2.2 ባር ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ያው ነው። እና ልብ በይ፣ ይህ ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆማ ባደረች ወይም ከቤት ወጥታ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ባልሄደች መኪና ላይ የሚለካ። መንገድ ላይ ሲግል እንደሚጨምር መኪና ሠሪው አስቀድሞ አስቦበት ነው የጻፈው።

ባለመኪናዋ፦ ይሁን፣ ልኩ 32 ይሁን። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ፊዚክስ ተምሬአለሁ። ዕቃ ውስጥ የታፈነ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ በክርክር የሚለወጥ ነገር አይደለም። ማለዳ በ15 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ 32 የሞላሁት ጎማ ሰመራ በ35 ዲግሪ እንዴት 32 ሆኖ ይቆያል? ሾፌሮቹ የነገሩኝም እኮ ከዚህ የተነሳ ነው።

ጎሚስታው፦ ጋዝ ሲሞቅ ይጨምራል፣ ማን ካደ? ጥያቄው ጎማን የሚገድለው የትኛው ሙቀት ነው የሚለው ነው። ሙቀት ከሁለት በኩል ይመጣል። አንዱ ከአየሩና ከአስፋልቱ ነው። ሌላው ከራሱ ከጎማው ነው፤ ሰው የሚረሳው ይሄኛውን ነው። ጎማ ሲሽከረከር መሬት የነካው ወገን ይጨፈለቃል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ቀጭን ሽቦ ቶሎ ቶሎ ስታጣጥፊው መታጠፊያው ላይ ግሎ ቆይቶ እንደሚበጠስ ታውቂያለሽ፤ ጎማም እንደዚያ ነው። ንፋሱ ያነሰ እንደሆነ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል። ላስቲክ ደግሞ ሙቀት አፍኖ የሚይዝ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ግለት ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል።

ባለመኪናዋ፦ ስንት ጊዜ ነው የሚታጠፈው? የዚህ ጎማ ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን ነው። ሰመራ ከዚህ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከ320 ሺህ ጊዜ በላይ ይታጠፋል ማለት ነው።

ጎሚስታው፦ ቆጥሬው አላውቅም፤ በይ አንቺ ካልሽ ነው። 320 ሺህ ጊዜ በልኩ መታጠፍና 320 ሺህ ጊዜ ከልክ በላይ መታጠፍ አንድ አይደለም። ፍጥነት ስትጨምሪ ደግሞ መተጣጠፉ ይቸኩላል። ነገ ማለዳ የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘሽ ትሮጫለሽ፤ መተሐራን ስታልፊ ፀሐይ ይበረታል፤ አዋሽን ተሻግረሽ ገዋኔና ሚሌ ስትደርሺ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ጎማው በ26 ከሆነ እዚያ የሚደርሰው ራሱን በራሱ አግሎ ነው። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራል። ከውጭ አይታይም። መሪ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይሰማሽ ይሆናል፣ ላይሰማሽም ይችላል። ከዚያ መርገጫው ከነልጣጩ ተገንጥሎ ይሄዳል። ሰው ይህንን ያይና "ሙቀቱ ንፋሱን አብዝቶ አፈነዳው" ይላል። ያፈነዳው የንፋስ ማነስ ነው። በአፋር መንገድ ዳርና ዳር ተበጣጥሶ የምታዪው የጎማ ቁራጭ አብዛኛው ታሪኩ ይኸው ነው።

ባለመኪናዋ፦ ከንፋስ ብዛት የሚፈነዳስ የለም?

ጎሚስታው፦ በልኩ የተሞላ ደህና ጎማ በሞቀ ጊዜ አራት አምስት ቢጨምር ምኑም አይነካም። 32 የነበረ 37 ቢል ጎኑ ላይ ወዳለው 44 እንኳ አልደረሰም፤ ጎማው ደግሞ ከ44ም በላይ ብዙ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው። ጎኑ የተቀደደ፣ ያረጀ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ክሩ የተበጠሰ ጎማ ይፈነዳል። እሱ በ32ም ይፈነዳል፣ በ26ም ይፈነዳል። እንዲያውም አንቺ ፊዚክስ ካልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለብዙ ዓመት ያላወቅሁት ነገር አለ።

ባለመኪናዋ፦ ይጠይቁኝ።

ጎሚስታው፦ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዳሁ አሰብ እመላለስ ነበር። ያኔ የክር ጎማ ነው፣ ከከመነዳሪ ጋር። አዲስ አበባ ሌሊት በብርድ ለክተን እንወጣለን። አሰብ እንደርሳለን፣ እናራግፋለን፣ መኪናው ቆሞ ያድራል። በማግስቱ ማለዳ ጎማውን ስለካው ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም። አየሩ ግን በማለዳም ቢሆን ከአዲስ አበባ ቀትር ይበልጥ ይሞቃል። ሙቀት ንፋስ የሚጨምር ከሆነ ለምን ብዙ አልጨመረም? መለኪያ እቀይራለሁ፣ ያው ነው።

ባለመኪናዋ፦ ቆይ... ከፍታው ነው! ጋሼ፣ መለኪያው እኮ የሚያነበው ጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት በሙሉ አይደለም። የውስጡ ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው የሚያነበው። የውጭው አየር ራሱ ይጫናል። በባሕር ጠለል ላይ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ የሚጫነው 11 ገደማ ነው። ሰመራ 400 ሜትር እና ጥቂት ላይ ስለሆነች 14 ገደማ ነው። ወረቀት አለዎት?

ጎሚስታው፦ እዚያ ካርቶኑ ላይ ጻፊ።

ባለመኪናዋ፦ ነገ ሌሊት እዚህ 32 ይነበባል። የውጭው 11 ሲደመርበት ውስጡ ያለው ሙሉ ግፊት 43 ነው። ሙቀቱ ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ፣ በኬልቪን ከ288 ወደ 308 ማለት ነው፣ 43 የነበረው 46 ይሆናል። እሺ፣ ሦስት ጨመረ። ሰመራ ላይ ግን ከውጭ የሚጫነው 14 ነው። 46 ሲቀነስ 14...

ጎሚስታው፦ 32!

ባለመኪናዋ፦ ያው 32! ሙቀቱ ሦስት ሲጨምር ቁልቁለቱ ሦስት ይቀንሳል። ሰመራ 42 ዲግሪ ቢሆን እንኳ 33 ነው የሚሆነው። ሾፌሮቹ የነገሩኝ የሒሳቡን ግማሽ ነው፤ እኔም የተማርኩትን ግማሹን ብቻ ነው ያሰብኩት።

ጎሚስታው፦ አየሽ! በይ አሁን ደግሞ እነሱ እንዳሉት በ26 ብትወጪ ስንት እንደሚሆን ሥሪው።

ባለመኪናዋ፦ 26 እና 11፣ 37። ሲሞቅ 39 ተኩል ቢሆን ነው። 14 ሲቀነስ 25 ተኩል። ሰመራም ደርሼ ከፍ አይልልኝም ማለት ነው። እዚህ የቀነስኩት እዚያም እንደተቀነሰ ይቀራል።

ጎሚስታው፦ በጣም የምታገለግል ሒሳብ ናት። ካርቶኗን አልጥላትም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ለሚመጣው አሳያለሁ። ዓባይ በረሃ ሲወርዱም "ቀንስልኝ" የሚሉኝ አሉ።

ባለመኪናዋ፦ እሱም ያው ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1400 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ቁልቁለቱ ብቻ ሁለት ያህል ይቀንሳል። ግን ጋሼ፣ ይህ የመቀነስ ነገር ከየት መጣ? እንዲያው ከሜዳ ተነስቶ አይወራም።

ጎሚስታው፦ ከሜዳ አልተነሳም፣ ከአሸዋ ነው የተነሳ። ኤርታሌ ቱሪስት የሚያደርሱት ላንድክሩዘሮች አሸዋው ጋ ሲደርሱ በእርግጥ ይቀንሳሉ፤ እስከ 20ም ከዚያ በታችም ያወርዱታል። ጎማው ሲተኛ ሰፋ ብሎ አሸዋው ላይ ይሄዳል፣ አይቀበርም። ግን እነሱ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ አስፋልት ሲወጡ ደግሞ የያዙትን ፓምፕ አውጥተው መልሰው ይሞላሉ። ይህን ያየ ሰው "ወደ አፋር ሲኬድ ይቀነሳል" ብሎ ያወራል፣ የሰማው በአስፋልት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሞክረዋል። ትክክለኛ ነገር ከቦታው ሲወጣ ሰው ይገድላል። ደግሞ 26 የምትለዋን ቁጥር ስትጠሪ ደንግጫለሁ። ፋየርስቶን የሚባል ጎማ ታውቂያለሽ?

ባለመኪናዋ፦ ስሙን አውቀዋለሁ።

ጎሚስታው፦ በፈረንጆች 2000 ነሐሴ ወር ላይ፣ በእኛ 1992 ማለቂያ፣ ፋየርስቶን በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ጠራ። አብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠመ ነበር። መርገጫው በፍጥነት ላይ እየተገነጠለ መኪናው እየተገለበጠ ነው፤ በአሜሪካ ብቻ ከ270 በላይ ሰው ሞቷል። ፎርድ ለዚያ መኪና በር ላይ የጻፈው ስንት ነበር መሰለሽ? 26። ጎማ ሠሪው ኋላ ላይ 30 ይሁን አለ።

ባለመኪናዋ፦ 26 ራሷ?

ጎሚስታው፦ ራሷ። ጥፋቱ የንፋስ ብቻ አልነበረም፤ ጎማው በራሱ የአሠራር ጉድለት ነበረበት፣ መኪናውም ረጅም ነው፣ ሲወዛወዝ አይችልም። ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን እርስ በርስ እየተላከኩ መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ወዳጅነታቸው ፈረሰ። ግን ልብ የምትዪው አንድ ነገር አለ፤ አደጋው የበዛው በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ፣ በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ ነው። ሁሉም ሙቀት አገር ነው። ከ26 ላይ ጥቂት ሲያመልጥ፣ መኪናው ሲጫን፣ አየሩ ሲግል፣ ፍጥነት ሲጨመር፤ አራቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ ማለት ነው። አንቺም ነገ አራቱን በአንድ ላይ ልታገናኚ ነበር።

ባለመኪናዋ፦ አዲሶቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ የጎማ መብራት ከዚያ በኋላ የመጣች ናት?

ጎሚስታው፦ አዎ፣ ከዚያ አደጋ በኋላ በወጣ ሕግ ነው። በአሜሪካ ከ2007 መስከረም ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ እንዲኖረው ተደረገ። ግን መብራቷን አምኖ መቀመጥም ልክ አይደለም። ሕጉ የሚያስገድዳት ንፋሱ ከልኩ ሩብ ሲጎድል እንድትበራ ነው። 32 ለምትይዝ መኪና 24 ሲደርስ ማለት ነው። የአንቺ የኋላ ቀኝ ጎማ ዛሬ ያለበት ቁጥር ነው። በመብራት ቢሆን ኖሮ ገና አሁን ነበር የምታውቂው።

ባለመኪናዋ፦ ጭነቱስ? እናቴ ከፊት ናት። ከኋላ ሦስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ።

ጎሚስታው፦ ሰው ላስቲኩ መኪናውን የተሸከመ ይመስለዋል። የሚሸከመው ንፋሱ ነው። ላስቲኩ ንፋሱን ሰብስቦ መያዣ ነው እንጂ ብቻውን ባዶ መኪና እንኳ አይችልም።

ባለመኪናዋ፦ ይህችም በሒሳብ ትታያለች። መኪናዋ ከነሰዉ 1200 ኪሎ ብትሆን ለአንድ ጎማ 300 ኪሎ ይደርሰዋል። 32 ፒኤስአይ ማለት በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ 2.25 ኪሎ ማለት ነው። 300 ለ 2.25 ሲካፈል 133። መሬት የሚነካው ቦታ 11 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ንፋሱ ሲቀንስ ያንኑ 300 ኪሎ ለመሸከም ጎማው የግድ ይበልጥ መተኛት አለበት።

ጎሚስታው፦ መተኛት ማለት መታጠፍ ነው፤ ወደ መጀመሪያው መጣሽ። እናትሽን የያዘችው ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። አንዳንድ መኪና በሩ ላይ ለሙሉ ጭነት ሌላ ከፍ ያለ ቁጥር አለው፤ ካለው ያንን ነው መከተል። የአንቺ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከ32 እንዳያንስ። የኋላዎቹን 34 ብታደርጊያቸው ለዚህ ጭነት አይከፋም። መኪናዋ ሞልታ ጣራ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አትጫኚ፣ አደራ።

ባለመኪናዋ፦ እሺ። አሁን ይሙሉልኝ እንግዲህ።

ጎሚስታው፦ አሁን ሞቀዋል ብዬሻለሁ፤ ስለዚህ ፊቱን 35፣ ኋላውን 37 አደርገዋለሁ። ሌሊት ከመውጣትሽ በፊት በራፍሽ ላይ ቀዝቅዘው ሳሉ ለኪያቸው። ከፍ ካለ ያኔ ነው የሚለቀቀው። ጎማ ቀዝቅዞ ሳለ ካልሆነ ንፋስ አይለቀቅም። አዋሽ ቁርስ ስትበሉ ብትለኪው 37 ወይም 38 ይልሻል፤ ደንግጠሽ እንዳትለቂው። እዚያ ወደ 32 ካወረድሽው በማግስቱ ሲቀዘቅዝ 27 ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ የቀረውን መንገድም በዚያው ትሄጂያለሽ።

ባለመኪናዋ፦ በምን ልለካው? መለኪያ የለኝም።

ጎሚስታው፦ ግዢ። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የእኔን መለኪያ ብቻ አትመኚ፣ የማንንም ጎሚስታ አትመኚ፤ በቀን መቶ ጊዜ መሬት ላይ ይወድቃል፣ አቧራ ይበላዋል፣ ሁለት ሦስት ሊዋሽ ይችላል። የራስሽ መለኪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጎማሽ ከባለፈው ወር ስንት እንደቀነሰ ይነግርሻል። ደህና ጎማም ቢሆን በወር አንድም ሁለትም ይቀንሳል፤ ንፋስ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ሦስት ወር ዝም ያልሽው ጎማ ሳይበሳ አምስት ጎድሎት ይገኛል። በወር አንድ ጊዜ፣ ሩቅ መንገድ ሲኖር ደግሞ በዋዜማው፤ ማለዳ ከግቢ ሳትወጪ። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ባለመኪናዋ፦ የኋላ ቀኟ ግን ከአንድ ሁለት በላይ ነው የቀነሰችው።

ጎሚስታው፦ እሷ ታፈሳለች። ሳሙና ውሃ ላምጣ... ይኸው፣ ቫልቯ ጋ አረፋ ሠራች፣ አየሽ? ውስጧ ያለችው ትንሿ መዝጊያ አርጅታለች። ክዳን አልነበራትም፤ አቧራ ገብቶ ነው። ይቺ ክዳን ጌጥ የሚመስለው አለ፤ አቧራና ጭቃ የምትከለክለው እሷ ናት። ቀይሬ ክዳን አደርግላታለሁ።

ባለመኪናዋ፦ ናይትሮጅን ሙይ የሚሉኝም ነበሩ። ሙቀት አይነካውም ብለው።

ጎሚስታው፦ የምንተነፍሰው አየር እኮ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ንጹሑ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣ፣ እርጥበትም የለውም፤ እሱ እውነት ነው። ሲሞቅ አይጨምርም የሚለው ግን ልክ አይደለም።

ባለመኪናዋ፦ ልክ አይደለም፣ ጋዝ እስከሆነ ድረስ ሕጉ አንድ ነው።

ጎሚስታው፦ ለእሱ የምታወጪውን ለመለኪያ አውጪው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ጓደኞች ካሉሽ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ መኪናቸው በባትሪው ምክንያት ይከብዳል፣ በሩ ላይ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ቤንዚን መኪና የለመደ ጎሚስታ በልማዱ 30 ሞልቶ ይሸኛቸዋል። በራቸውን ያንብቡ።

ባለመኪናዋ፦ ጎማዎቹ ራሳቸውስ ደህና ናቸው? ሁለተኛ እጅ ነው መኪናዋን የገዛኋት።

ጎሚስታው፦ ጥርሱ ደህና ነው፤ ከዳርም ከመሐልም እኩል ነው የተበላው። ሁለቱ ዳር ብቻ ቢበላ ንፋስ ሲያንስ ኖሯል ማለት ነው፣ መሐሉ ቢበላ ሲበዛ ኖሯል፣ አንድ ዳር ብቻ ከሆነ አላይመንት አሠሪ እልሽ ነበር። የተመረተበትን ደግሞ እዚህ እዪ፤ አራት ቁጥር ናት። 2223 ይላል። 22ኛው ሳምንት፣ 2023 በፈረንጅ። በእኛ ግንቦት 2015 ነው። ጥሩ ነው። አዲስ ጎማ ስትገዢ ግን እዚህች ላይ ተጠንቀቂ። 2218 የሚለውን "18 ነው፣ የዘንድሮ ነው" ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ገዢውም 18 ሲያይ በእኛ ዘመን ይቆጥረዋል። እውነቱ ግንቦት 2010 ነው። ስምንት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ላስቲክ መንገድ ባያይም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን በልኩ ብትሞዪውም ቆላ ላይ አያስተማምንም።

ባለመኪናዋ፦ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ቢፈነዳብኝስ ምን ላድርግ?

ጎሚስታው፦ መሪውን በሁለት እጅሽ ግጥም አድርገሽ ያዢ። ፍሬን እንዳትረግጪ፤ ሰው የሚገለበጠው እዚያ ላይ ነው። ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ መኪናዋ በራሷ ፍጥነት እየቀነሰች ስትመጣ ወደ ዳር አውጫት። ከዚያ ስኮርት ነው የሚያስፈልግሽ። ለመሆኑ ስኮርትሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?

ባለመኪናዋ፦ ከሻንጣው ሥር መኖሩን አውቃለሁ እንጂ አውጥቼው አላውቅም።

ጎሚስታው፦ አውጪው። ይኸው ቀጭኗ ናት። 21! በዚህ ላይ ብትቀይሪ ኖሮ አንድ ኪሎ ሜትር አትወስድሽም ነበር። ጎኗ ላይ ያለውን አንብቢው።

ባለመኪናዋ፦ 420 ኪሎ ፓስካል። 60 ፒኤስአይ ማለት ነው፤ ከሌሎቹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ጎሚስታው፦ ቀጭን ስለሆነች ያንኑ ክብደት የምትሸከመው በንፋስ ብዛት ነው። ከ80 በላይ አይነዳባትም፣ አዋሽ ወይም ሎጊያ ጎሚስታ እስክታገኚ ብቻ ነው። ወር በገባ ቁጥር እሷንም አብረሽ ለኪ። በይ ክሪኩንና የቸርኬ መፍቻውን ከውሃው ጀሪካን በላይ አድርጊው፣ ሥር እንዳትቀብሪው።

ባለመኪናዋ፦ ስመለስስ፣ ሰመራ ላይ የማስተካክለው ነገር አለ?

ጎሚስታው፦ አንቺው ሥሪው እንጂ።

ባለመኪናዋ፦ እዚያ ማለዳ በ25 ዲግሪ 32 ካነበብኩ ሙሉው 46 ነው። አዲስ አበባ ማለዳ 12 ዲግሪ ቢሆን 44 ይሆናል፤ 11 ሲቀነስ 33። ሽቅብም ሲመጣ ይካካሳል። ምንም አልነካም።

ጎሚስታው፦ አትንኪው። ከተመለስሽ በማግስቱ ማለዳ ለኪ። ሦስቱ ባሉበት ካሉና የኋላ ቀኟ ብቻ ደግሞ ቀንሳ ካገኘሻት ወዲህ ይዘሻት ነይ፤ ዛሬ የቀየርኩላት ቫልቯን ነው፣ ሚስማር ካለባት ፈትቼ ውሃ ውስጥ ሳላስገባት አይታይም።